የውስጥ አርበኛዋ እናቴ

እናቴ የጠፋችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባምቢስ አካባቢ ካለው መሥሪያ ቤቴ ገብቼ ገና ወንበሬን ሳልስብ ልጄ ደወለች።

«ማሚ፣ እማማ አንቺ ጋ መጥታለች እንዴ?»

«እኔ ጋ ምን ትሠራለች?»

«በቃ፣ ቤት የለችም። ማለቴ፣ ሻወር ገብቼ ስወጣ የለችም። ታች ካፌው ወርጄ ጠየቅሁ፣ አላየናትም አሉኝ። ምርኩዟም የለም።»

እናቴ ዘጠናን አልፋለች። ላንቻ ከገባን ገና ጥቂት ወራችን ስለነበር ሰፈሩን በቅጡ አታውቀውም፤ ስልክም አትይዝም። አለቃዬን አስፈቅጄ ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ግን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ መልኳ ነበር። እናቴ ቻይናዊት ናት። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቻይናዊ ማየት ብርቅ አይደለም፤ የሚያያት ሰው ሁሉ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ልጇን ልትጠይቅ የመጣች እንግዳ ትመስለዋለች። ዕድሜዋን ካዛንቺስ የፈጀች፣ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሰፍታ ያሳደገች ሴት ናት ብሎ የሚገምት የለም።

አባቴ የመርከብ መካኒክ ነበር። በወጣትነቱ የሚሠራባት የጭነት መርከብ ሞተሯ ተበላሽቶ ሆንግ ኮንግ ወደብ ላይ ከረመች። እሱም የኮቱ ቁልፍ ረግፎበት ሊያስተክል ወደ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ገባ። ቁልፉን የተከለችለት እናቴ ናት። ከዚያ ወዲህ መርከቧ ተጠግና እስክትሄድ ድረስ የዚያ ኮት ቁልፍ መርገፉን አላቆመም። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ ስጠይቀው አባቴ «በእንግሊዝኛ» ይለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ «ውሸቱን ነው፤ አባትህ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር» ትላለች። በሚቀጥለው ጉዞው ተመልሶ አገባት። አሰብ ወረዱ፤ ከአሰብ በጭነት መኪና ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡና ካዛንቺስ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ።

«አባትህ» የምትለው እኔን፣ ሴት ልጇን ነው። አማርኛዋ በጊዜ ብዛት ተቃንቷል፤ «አንተ» እና «አንቺ»ን መለየት ግን እስከ ዛሬ አልሆነላትም። በእሷ ቋንቋ ሰው ሲያናግሩም ሆነ ስለ ሰው ሲያወሩ ወንድና ሴት አይለይም። ስለዚህ እኔም አንተ ነኝ፣ ልጄም አንተ ናት፣ የንስሐ አባታችንም አንተ ናቸው። በዚህ የተቀየማት ሰው አላውቅም።

ስለ ልጅነቷ የማውቀው ትንሽ ነበር። ጃፓኖች አገሯን በያዙ ጊዜ ልጅ እንደነበረች፣ እሷም ከአርበኞቹ ጋር እንደሠራች አባቴ አንድ ሁለቴ አንስቶልኛል። እሷን ስጠይቃት «መንገድ አሳይ ነበር» ትልና ወደ ስፌት መኪናዋ ትዞራለች። አባቴ ሲሞት የሚነግረኝ ሰው የለም ብዬ ተውኩት።

ያን ማክሰኞ የት ልትሄድ እንደምትችል ሳሰላስል ወደ ልቤ የመጡት አደይ ናቸው። አደይ የካዛንቺስ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። ከባለቤታቸው ጋር ከትግራይ የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው። ትግርኛውንና አማርኛውን እያፈራረቁ ስለሚያወሩ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ልጆቻቸው አደይ ይላቸው ነበር። እሳቸውና እናቴ ልጆቻቸውን አብረው አሳደጉ፣ ባሎቻቸውን አብረው ቀበሩ፣ በየወሩ ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር አብረው ጠጡ።

ከዚያ ሰፈሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ሊሠራ መሆኑ ተነገረንና ሁላችንም ዕቃችንን ጫንን። እኛ ላንቻ አንድ ፎቅ ላይ ተከራየን፣ አደይ ቄራ ከልጃቸው ቤት ገቡ፣ ሌላው ሰው ያገኘበት ገባ። በዕለቱ ሁለቱ ሴቶች ደጃፉ ላይ ቆመው ተሰነባበቱ። አላለቀሱም። አደይ «እንግዲህ እንጠያየቃለን» አሉ፤ እናቴ በአንገቷ እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ እንኳን አላገናኘኋቸውም። ሁልጊዜ በሚቀጥለው እሁድ እላለሁ፤ እሁድ ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ይፈጠራል።

ሰኞ ማታ የአደይ ልጅ ደወለልኝ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ አንድ የግል ትምህርት ቤት በትርፍ ሰዓት ያስተምራል።

«እናቴ እህል አልቀምስ ብላለች» አለኝ። «ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ የዕድሜ ነው እንጂ የከፋ ነገር አላገኘንባትም አሉኝ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።»

«እሁድ እናቴን ይዤ እመጣለሁ» አልኩት።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ስልኩን ስዘጋ «እሁድ መቼ ነው?» አለችኝ። ገና ሰኞ መሆኑን ነገርኳት። ተነስታ ወጥ ቤት ገባችና ስኳር ድንች ጣደች። ለራት መስሎኝ ነበር።

ላንቻ ታክሲ ተራ ላይ ከልጄ ጋር ተገናኘን። ተራ አስከባሪውን ጠየቅነው።

«ቻይናዋ እናት? አዎ አየኋት» አለን። «‹አንተ፣ ቄራ በየት ነው?› አለችኝ። ፈረንጅ መስላኝ በእንግሊዝኛ ልመልስላት ስል ‹በአማርኛ ንገረኝ› አለችኝ።» ፈገግ አለ። «ጋቢና አስቀምጫታለሁ፣ አትስጉ።»

ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ይሁንና እናቴ የአደይን ልጅ ቤት አይታው አታውቅም። ቄራ ደግሞ ሰፊ ነው፤ መኪናው፣ የሚነዳው ከብት፣ ብረት የሚበይደው፣ ሥጋ የሚጭነው። የአደይ ልጅ ክፍል ውስጥ ስለነበር ስልኩን አያነሳም። መኪና ጠርተን ሄድን። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ያለ ሥጋ ቤት ደጃፍ የቆመውን ሰው «አንዲት አሮጊት…» ብዬ ስጀምር ሳልጨርስ በእጁ አመለከተኝ።

«ከካዛንቺስ የመጡ አሮጊት የት ገቡ እያለች ቤቱን ሁሉ ስትጠይቅ ነበር። አናውቅም ስንላት አትሄድም፤ ሌላ ሰው ጥራልኝ ትላለች። በኋላ እኔው ራሴ ፈልጌ አደረስኳት።»

የአደይ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ገባን። አደይ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ፀጉራቸው ተበጥሯል፤ ነጠላቸውን ደረብ አድርገዋል። እናቴ እግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ሆና የተቀቀለ ስኳር ድንች ትልጣለች። የተላጠውን ቆርሳ ታቀብላቸዋለች፣ እሳቸው ያኝካሉ።

«መጣህ?» አለችኝ እናቴ፣ ቀጠሮ እንደነበረን ሁሉ።

«እማዬ፣ ሳትነግሪኝ ለምን ትወጫለሽ?»

«ብነግርህ እሁድ ትለኛለህ።»

ልጄ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ መናገር ስጀምር አደይ እጃቸውን አነሱ። ድምፃቸው ሰልሎ ነበር።

«ተያት ልጄ። ይቺ ሴትዮ መንገድ ስትነሳ ለማንም አትናገርም፤ የቆየ ሙያዋ ነው። የጃፓን ወታደር ባለበት ተራራ ያልጠፋች ቄራ ትጠፋለች ብለሽ ነው?»

«የምን ተራራ?» አልኩ።

አደይ ወደ እናቴ ዞሩ። «አልነገርሻትም?»

«አልጠየቀኝም» አለች እናቴ።

«እንዴ፣ ጠይቄሻለሁ እንጂ።»

«ምን ሠራሽ አልከኝ። መንገድ አሳይ ነበር አልኩህ። ከዚያ ዝም አልክ።»

አደይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናትሽ የውስጥ አርበኛ ነበረች» አሉኝ። «ነይ፣ ተቀመጪ።» እኔና ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። የእናቴን ታሪክ ከጎረቤቷ አፍ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ባለታሪኳ ከፊታችን ሆና ድንች እየላጠች።

የእናቴ መንደር ከሆንግ ኮንግ ከተማ ራቅ ብሎ በተራራና በባሕር መካከል ያለ ነው። ጃፓኖች ከተማውን ሲይዙ የሚፈለጉ ሰዎች ነበሩ። መምህራን፣ ማተሚያ ቤት የሚሠሩ፣ አርበኞችን ረዳችሁ የተባሉ። እነዚህ ሰዎች ተራራውን አልፈው ባሕሩ ዳር ከደረሱ ጀልባ ይጠብቃቸዋል። ተራራው ላይ ግን ወታደር ይዞራል። ትልቅ ሰው ካየ ያስቆማል፤ ቅርጫት የተሸከመች ገበሬ ልጅ ግን ዞር ብሎም አያያትም። ታላቅ እህቷ ቀድማ ከአርበኞቹ ጋር ገብታ ስለነበር እናቴም ተከተለቻት። ጡት እንኳን አላወጣችም ነበር አሉ አደይ።

«ቅርጫቷን ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ ሰዎቹ በሩቁ ይከተሏታል። ቅርጫቱን መሬት ካስቀመጠች አደጋ አለ ማለት ነው፤ ሁሉም ጫካ ይገባል። ካነሳችው መንገዱ ደኅና ነው። የደንቆሮውን ነገር ልንገራት?» አሉ አደይ።

«ንገረው» አለች እናቴ።

«አንድ ቀን አንድ መምህር ይዛ ስትሄድ ሰውየው ደክሞት አጠገቧ ደርሷል። ወታደሮቹ ከመታጠፊያው ድንገት ብቅ አሉ። ቅርጫት ማስቀመጥ የለ፣ መሮጥ የለ። ሰውየው ደግሞ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ የገጠሩን ቋንቋ አያውቅም፤ አፉን ከከፈተ አበቃ። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቅርጫቱን እሱ ላይ ጫነችና ጆሮው ሥር ሄዳ ‹አንተ ደንቆሮ አጎቴ፣ ፍጠን ብዬህ አልነበረም? ለአያቴ ነው የምናገርብህ› ብላ ጮኸችበት። ምራቋ ሁሉ ፊቱ ላይ ተረጨ። ወታደሮቹ በሳቅ ፈረሱ። ከቅርጫቱ ሁለት ስኳር ድንች ወስደው ለቀቋቸው።»

«አንድ» አለች እናቴ።

«ድሮ ሁለት ነበር ያልሽኝ።»

«አንድ። ትልቅ።»

ልጄ እየሳቀች አያቷን አቀፈቻት። አደይ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ፈቃድ የሚጠብቁ ይመስል እናቴን ተመለከቱ። እናቴ ራሷ ቀጠለች።

«እህቴን ያዙት» አለች። «አልተመለሰም።»

ስለ እህቷም የምትናገረው በወንድ ነው። ማናችንም ፈገግ አላልንም።

«በማግሥቱ የሚሻገሩ ሰዎች ነበሩ። ሁለት ሕፃናት ይዘዋል። መንገዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሄድኩ።»

«አልፈራሽም እማማ?» አለች ልጄ።

«በጣም ፈራሁ። ሽንቴ አመለጠኝ። ግን ሕፃናቱ ከኋላ ነበሩ።» የላጠችውን ድንች ለልጄ ሰጠቻት። «ብላ፣ ይበርዳል።»

ጦርነቱ እስኪያልቅ ስትመላለስ ቆየች። ካለቀ በኋላ መንደሯ ውስጥ የሚጠብቃት ሰው ስላልነበረ ወደ ከተማ ወጣችና ስፌት ተማረች። ከዚያ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ፤ መርከቧ መጣች፣ የአባቴ ኮት መጣ።

«ይህን ሁሉ ለእርስዎ መቼ ነገረችዎት?» ብዬ አደይን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ በታሰረ ጊዜ ነዋ» አሉ።

ያን ጊዜ ትዝ ይለኛል። በደርግ ዘመን፣ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረውን የአደይን ልጅ ወሰዱት። አደይ በየቀኑ ስንቅ ይዘው በእግራቸው እስር ቤት ይመላለሱ ነበር። በሩ ላይ ስንቁን ከተቀበሏቸው ልጃቸው አለ፤ መልሺ ካሏቸው የለም። በዚያ መንገድ ስንት እናት መሄድ አቅቷት መሐል ላይ ተቀምጣለች። እናቴ ቀትር ላይ ስፌት ቤቷን ዘግታ ስትወጣ ዩኒፎርም ልታደርስ ይመስለኝ ነበር። ለካ የስንቁን ሳህን ይዛ አደይን እያጀበች ኖሯል። መንገዱን ሙሉ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ስለ ተራራው እያወራችላቸው ትሄዳለች። በሩ አጠገብ ሲደርሱ ወሬውን ትገታዋለች።

«‹የቀረውን ስንመለስ› ትለኛለች» አሉ አደይ። «እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ መስማት እፈልጋለሁ። በዚያ ምክንያት ተመልሼ እመጣለሁ።»

ይህን ሲሉ ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያልተመለሰ ጥሪዬን አይቶ ከትምህርት ቤት በርሮ መምጣቱ ነው። እናቱ ቀና ብለው መቀመጣቸውን፣ አፋቸው መንቀሳቀሱን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወለሉ ላይ፣ እናቴ አጠገብ ተቀመጠና ከሳህኑ አንድ ድንች አነሳ።

«እስር ቤት እያለሁ ይሄ ነገር መሮኝ ነበር» አለ። «በየስንቁ ስኳር ድንች። እናቴ ከየት ታመጣዋለች እል ነበር።»

«ርካሽ ነበር» አለች እናቴ። «ቶሎ ያጠግባል።»

ሻይ ተፈላ። አደይ እያደር የተጠራቀመውን ብሶታቸውን ያወጡት ሻዩን ይዘው ነው። የልጃቸው ቤት ክፉ ሆኖ አይደለም። ልጃቸውም ምራታቸውም ይንከባከቧቸዋል። «ግን ደጅ ብወጣ የሚያውቀኝ የለም። ሰው ሁሉ ያልፋል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ነሽ ሊሉኝ ነው?»

«እኔንም ካዛንቺስ ስመጣ ማንም አያውቀኝም» አለች እናቴ። «ልጆች ይከተሉኛል፣ ድንጋይ ይወረውራሉ። አንተ ወጣህ፣ ልጆቹን አባረርክ። እጄን ይዘህ ቤት አስገባኸኝ።»

«እሱማ ጎረቤት አይደለሽ?»

«እና አሁን እኔ መጣሁ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ማኅበሩ ይቀጥላል። በዚህ ወር በእኛ ቤት።»

«ሴቶቹ የት የት እንደገቡ ማን ያውቃል?»

«እጠይቃለሁ» አለች እናቴ።

ለማጽናኛ ያለችው መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን ጫማዋን አጥልቃ ሳሎን ተቀመጠችና ልጄን «አንተ፣ ሥራ አለህ?» አለቻት። ልጄ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ስለነበር ጊዜ ነበራት። አብረው ወጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይወጡ ጀመር። ልጄ ስልክ እየደወለች፣ እናቴ እየጠየቀች፣ የተበተነውን ሰው አንድ በአንድ ፈለጉት። አንደኛዋ እዚያው ቄራ፣ ከአደይ ቤት ጀርባ ተገኘች፤ ሁለቱ ጎረቤት መሆናቸውን ሳያውቁ ከርመዋል። አንደኛዋ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷት ገብታለች፤ እዚያ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይያዛል። አንዲት እናት ማረፋቸውን ሰሙና ለቅሶ ደርሰው መጡ፤ በእሳቸው ቦታ ሴት ልጃቸው ልትገባ ቃል ሰጠቻቸው። አንዷ ደግሞ «ካዛንቺስ የሌለበት ማኅበር ለእኔ ማኅበር አይደለም» ብለው በሩን ዘጉባቸው።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?» ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

«ሻይ የለህም ወይ አልኩት። ከፈተልኝ። ጠጣን። አይመጣም ግን።»

ማታ ማታ ልጄ የዋሉበትን ስትተርክልኝ ፊቷ ይበራ ነበር። «ማሚ፣ ማለቴ፣ እኔ እኮ ከተማውን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እማማ ሰው ስትጠይቅ ሰው እምቢ አይላትም፤ በቃ፣ ቆማ ትጠብቃለች።» አንድ ምሽት በስልኳ የእናቴን አገር ካርታና ቪዲዮ ፈልጋ አሳየቻት። መንደሩ ትላልቅ ሕንፃ ሆኗል። ተራራው ግን እንዳለ ነው፤ ጀርባው ላይ ጥርጊያ መንገድ ይታያል፤ ቦርሳ ያዘሉ ወጣቶች እየሳቁ ይወጣሉ። እናቴ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ብዙ ጊዜ አየችው።

«እነዚህ ምን ሊያመጡ ነው የሚወጡት?» አለች።

«ምንም። ለመዝናናት ነው እማማ።»

«ለመዝናናት» አለች እናቴ። ቃሉን ደግማ አለችው። ከዚያ ሳቀች፤ ዓይኗን እስክትጠርግ ድረስ ሳቀች።

ሃያ አንድ ቀን ደረሰ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ደረጃው ለአሮጊት አይመችም። ታች ያለው ካፌ ባለቤት ነገሩን ሲሰማ ከኋላ ያለውን ክፍል ለቀቀልን፤ ወንበሩንም እሱ ራሱ ደረደረው። የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። ከመጡት ሴቶች ግማሾቹ አንዳቸው የሌላቸውን መክሳት ሲያዩ ተላቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ወሬው ጦፈና ካፌው ገበያ መሰለ። አደይ ልጃቸው ደግፏቸው ገቡ። የለበሱት እናቴ የሰፋችላቸውን አዲስ ቀሚስ ነው። ዳቦውን በሉ፣ ጠላውን ቀመሱ፣ «ቀጥኗል» ብለው አሙት።

አሁን አደይ በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ እኛ ዘንድ ያድራሉ። መጀመሪያ ላይ «የሰው ቤት አላድርም» ብለው ነበር፤ ልጃቸውና እኔ ለምነን አቃተን። በኋላ እናቴ «እኔም አንተ ቤት አድራለሁ» ስትላቸው ሒሳቡ ልክ መሰላቸውና እሺ አሉ። ልጄ ሥራ አግኝታለች፤ እስከዚያ ግን የእናቴን ታሪክ በስልኳ መቅረጽ ጀምራ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀጥላሉ። እናቴ ትናገራለች፣ አደይ ያርሟታል፣ ይጨቃጨቃሉ። እኔም ወጥ ቤቱን ትቼ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፤ ያልገባኝን እጠይቃለሁ። እናቴ አንዱን ስትመልስልኝ ሌላ ጥያቄ እስካመጣ ትጠብቀኛለች።

በሚመጣው ወር ተረኛዋ አደይ ናቸው፤ ማኅበሩ ቄራ ነው። እኚያ በሩን የዘጉባቸው ሴትዮ ባለፈው ሳምንት ለልጄ ደውለው፣ ከቄራ መታጠፊያው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀዋል።